ኤፊቡ ሲመለስ በሩ አይዘጋብን፦ ለልብ ምት ሕክምና ክፍል ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሆስፒታሉ የልብ ምት ሕክምና ክፍል ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምንኖር አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎቻችሁ ነን። አሥራ አንድ ነን። ሁላችንም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለው የልብ ምት መዘበራረቅ፣ በእኛ አጠራር ኤፊብ፣ አለብን። ሁላችንም በእናንተ ክፍል አብሌሽን፣ ማለትም ረብሻው የሚነሣበትን ቦታ በጠባሳ የማጠር ሕክምና፣ ተደርጎልናል። በስምንታችን ላይ ኤፊቡ ተመልሷል። እኔ ከስምንቱ አንዱ ነኝ።

የሆስፒታሉን ስም እዚህ አልጻፍንም። እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ የምንፈልገው ነገሩ እንዲስተካከል ነው፤ የማንንም ስም ለማጥፋት አልተነሣንም።

ባለፈው ወር ከክፍላችሁ አንድ ገጽ ወረቀት በፖስታ ደረሰን። በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የተጻፈው። ሦስት ነገር ይላል። አብሌሽን ተደርጎለት ኤፊብ የተመለሰበት ሰው ከእንግዲህ በቀጥታ ወደ እናንተ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ አይችልም፤ ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ሄዶ እንደ አዲስ ሪፈር ያጽፋል። ከአብሌሽን በኋላ ያለው ክትትል ሦስት ወር ሲሞላ ወደ ቤተሰብ ሐኪም ይዛወራል። ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣልን የነበረችው አማርኛ አስተርጓሚ ትቀራለች፤ በምትኩ የስልክ አስተርጓሚ ይኖራል።

ወረቀቱን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቁጭ ብለን አብረን አነበብነው። ከመካከላችን የአንዷ እናት ልጅ ነርስ ስለሆነች እሷ ተረጎመችልን። አንብባ ስትጨርስ ማንም ቶሎ አልተናገረም። ከዚያ አንድ አባታችን፣ «እንግዲህ ከተመለሰብን የእነሱ አይደለንም ማለት ነው?» አሉ። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው እሳቸው ለጠየቁት ጥያቄ ነው።

ለእናንተ የልብን ነገር ማስተማር አይደለም ዓላማችን። ግን ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ያነበዋል፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስቀምጠው። በ1998 በፈረንሳይ አገር ቦርዶ ከተማ ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቹ 45 ታማሚዎችን መርምረው ኤፊብ ከየት እንደሚነሣ አሳዩ። ምቱን ከሚረብሹት 69 መነሻ ቦታዎች 94 በመቶው የተገኘው ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚያመጡት ሥሮች ውስጥ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ አራት ናቸው። የአብሌሽን መሠረቱ ከዚያ ወዲህ ይኸው ነው። በብሽሽት በኩል ቀጭን ካቴተር ይገባል፤ በየሥሩ አፍ ዙሪያ በሙቀት፣ በቅዝቃዜ ወይም በኤሌክትሪክ ምት ጠባሳ ይሠራል፤ ከውስጥ የሚነሣው ረብሻ ወደ ልብ እንዳያልፍ ይታጠራል።

ታዲያ አጥር አንዳንዴ ይሾልካል። የተቃጠለው ሥጋ ያገግምና በመሃሉ ክፍተት ይፈጠራል፤ ምልክቱ በዚያች ክፍተት ያልፋል። ኤፊብ ከሚመለስባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ መሆኑን ከእናንተው ሐኪሞች ሰምተናል። ሁለተኛ አብሌሽን ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚታየውም የትኛው ሥር እንደ ተከፈተ ነው። እንግዲህ ለእኛ መመለሱ የዚያው ሕክምና ቀጣይ ክፍል ነው። እንደ አዲስ በሽታ፣ ወይም እንደ እኛ ጥፋት፣ እንዲታይብን አንፈልግም። በ2023 መጨረሻ የወጣው የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት መመሪያም ምልክት ኖሮት ኤፊብ ለተመለሰበት ሰው አብሌሽኑን መድገም ጠቃሚ መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። እናንተ ግን መመለሱን የመሰናበቻ ቀን አደረጋችሁት።

አንደኛው ቅሬታችን ይህ እንደ አዲስ ሪፈር የማጻፍ ጉዳይ ነው። ከእኛ መካከል በፓርኪንግ የሚሠራ የ49 ዓመት ሰው አለ። ደንቡ በወረቀት ሳይወጣ በፊት፣ ባለፈው ዓመት፣ እንዲሁ ተደርጎበታል። አብሌሽን በተደረገለት በስድስተኛው ወር ኤፊቡ ተመለሰ። በመጀመሪያ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ይመጣና ይሄድ ነበር። ደወለ። ሪፈር አምጣ ተባለ። የቤተሰብ ሐኪሙን ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠበቀ። ሪፈሩ ተላከ፤ አልደረሰንም ተባለ፤ እንደገና ተላከ። ከዚያ የኢንሹራንሱ ፈቃድ አለ። እናንተ ዘንድ ሲቀርብ አምስት ወር ሞልቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ኤፊቡ መምጣትና መሄዱን ትቶ ቤቱን ሠርቶ ተቀምጧል። መጥቶ የሚሄደውን ማከም ከሚቀመጠው እንደሚቀል እናንተም ታውቃላችሁ። አምስት ወር ያባከነው ታማሚው አይደለም።

ሁለተኛው የሦስት ወሩ ነገር ነው። ከአብሌሽን በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ምቱ ቢረበሽ እንደ መመለስ አይቆጠርም፤ ልብ ከቁስሉ እያገገመች ነውና። ይህ ጊዜ ድሮ ሦስት ወር ነበር። በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ወደ ስምንት ሳምንት አሳጥሮታል። በአዲሱ ቁጠራ እንኳ ብንሄድ፣ እውነተኛው መመለስ የሚለየው ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ነው። እናንተ ደግሞ በሦስት ወር ትለቁናላችሁ። መታየት የሚገባን ጊዜ ሲጀምር ዓይናችሁን ታነሣላችሁ ማለት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የሚቀር ነገር እንዳይመስላችሁ ሁለት ሰው ላንሣ።

አንዲት እናታችን በስድስተኛው ወር ድካም ያዛቸው። ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ወደ ቤተሰብ ሐኪም ሄዱ። እጃቸው ተይዞ ምታቸው ተቆጠረ፤ 150 ነው፤ ግን እኩል ይመታል። ኤፊብ የሚታወቀው ምቱ ሲዘበራረቅ ነው፤ የእርስዎ እኩል ስለሆነ ኤፊብ አይደለም፣ ጭንቀት ይሆናል ተባሉ። የልብ ምት በኤሌክትሪክ የሚታይበትን ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ አልተነሡም። ቤታቸው ሄደው አሥራ ሁለት ቀን ቆዩ። እግራቸው ሲያብጥ ልጃቸው ድንገተኛ ክፍል ወሰደቻቸው። ፍለተር ነበር። ከአብሌሽን በኋላ በጠባሳው ዙሪያ ወይም በሌላኛው የልብ ክፍል ምልክቱ እየዞረ የሚፈጥረው፣ ፈጣን ግን ብዙ ጊዜ እኩል የሆነ ምት። የእናንተ ነርስ ብትሆን 150ን ስታይ ወዲያው ኢሲጂ ታነሣ ነበር። የቤተሰብ ሐኪሙን አንወቅሰውም፤ በቀን ስንት ዓይነት በሽታ ያያል። የወቀስነው ይህን ለእሱ ያሸከመውን ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው 71 ዓመታቸው ነው። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። አብሌሽኑ ሠራላቸው፤ በሦስተኛው ወር የመጨረሻ ቀጠሯቸው ላይ በስልክ አስተርጓሚ «ልብዎ ተስተካክሏል» ተባሉ። እሳቸውም ከተስተካከለ መድኃኒቱ ለምኔ ብለው ደም ማቅጠኛውን አቆሙ። ደም ማቅጠኛ መቀጠል ያለበት በስትሮክ አደጋው መጠን እንጂ ምቱ በመስተካከሉ እንደማይወሰን ማንም በሚገባቸው ቋንቋ አልነገራቸውም። ዕድሜያቸው አንድ፣ ስኳሩ አንድ፣ ግፊቱ አንድ፤ በእናንተው የስትሮክ አደጋ መቁጠሪያ ሦስት ነጥብ ነው፤ ሊያቆሙ የሚገባ ሰው አልነበሩም። ከሰባት ሳምንት በኋላ ቡና እየጠጡ ስኒው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ባለቤታቸው ስኒውን ልታነሣ ጎንበስ ስትል እሳቸው ሊያናግሯት ሞከሩ፤ ቃሉ አልወጣም። ዛሬ ይሄዳሉ፣ ይናገራሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀኝ እጃቸው ግን ቁልፍ መቆለፍ አይችልም። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው።

ሦስተኛው ቅሬታችን ከዚህ ይወለዳል። አስተርጓሚዋ።

የስልክ አስተርጓሚ መጥፎ ነው አላልንም። ለአጭር ጥያቄ ይሠራል። ነገር ግን የአማርኛ ተናጋሪ ሰዓት ከእናንተ ሰዓት በስድስት እንደሚለያይ ታውቃላችሁ? እናንተ ጠዋት ስድስት የምትሉት ለእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። እኛ ስድስት ሰዓት ስንል እኩለ ቀን ነው። አንዲት የ66 ዓመት እናት ለአብሌሽን ቀጠሮ በስልክ ተነገራቸው። አስተርጓሚው ቁጥሩን እንዳለ ተረጎመው፤ «ስድስት ሰዓት ላይ ይድረሱ» አላቸው። እሳቸው ከማታ ጀምረው እህል ውኃ አልቀመሱም፤ እንደ ስቅለት ጾመው አደሩ። ረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው፣ ነጠላቸውን ለብሰው ደረሱ። ቀጠሯቸው በፈረንጅ ጠዋት ስድስት ስለነበር፣ ካለፈ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖት ነበር። መዝገቡ ላይ «ታካሚዋ አልመጣችም» ተብሎ ተጽፏል። መጥተዋል። የሚቀጥለው ቀጠሮ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ ነበር፤ በመሃሉ ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገቡ።

የማክሰኞዋ አስተርጓሚ ብትሆን ይህ አይሆንም ነበር። እሷ ሁልጊዜ «በፈረንጅ ስድስት፣ ጎሕ ሲቀድ» ትላለች። ይህን ልምድ በደቂቃ ከሚከፈል የስልክ መስመር አታገኙትም፤ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር ሌላ ሰው ያነሣል፤ ነገሩም ከሀ ይጀመራል።

ከዚህ የባሰም አለ። ባለፈው መጋቢት መስመሩ አልገናኝ ሲል፣ ለአንድ አባት የሕክምናውን አደጋዎች የተረጎመላቸው የ13 ዓመት ልጃቸው ነው። ልጁ «ልብህን ሊበሱት ይችላሉ፣ ስትሮክ ሊመጣ ይችላል» ብሎ ለአባቱ መንገር ነበረበት። አልነገረም። ፈርቶ «ቀላል ነው አባዬ» አለው። አባትየው ፈረመ። በጤና እንክብካቤ ሕጉ አንቀጽ 1557 መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ልጅን ማስተርጎም አይፈቀድም። ያ ቀጠሮ ከስድስት ሳምንት በፊት የተያዘ እንጂ ድንገተኛ አልነበረም።

ስንወጣ የሚሰጠን ወረቀትም እንግሊዝኛ ነው። አራተኛው ገጽ ላይ ትልቁ ነገር ተጽፏል። ከአብሌሽን በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የደረት ሕመም ወይም የእጅ እግር መስነፍ ከመጣ በልብና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። በጣም አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ይገድላል። ወዲያው መሄድና አብሌሽን እንደተደረገ መናገር ያስፈልጋል፤ የደረት ሲቲ እንጂ በጉሮሮ የሚገባ ካሜራ መጀመሪያ እንዳይደረግ። አንዷ እህታችን በሦስተኛው ሳምንት ተኮሳት። ገጹን ማንም አላነበበላትም። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልታ ጠጥታ አራት ቀን ተኛች። ጉንፋን ሆኖ አለፈ። ባይሆንስ ኖሮ?

አራተኛው የራሴ ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ታክሲ እነዳለሁ። የመጀመሪያው አብሌሽን የተደረገልኝ በቅዝቃዜ ፊኛ ነው። ሰባት ወር ደኅና ነበርኩ። አንድ ሌሊት ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ተራዬን ስጠብቅ ልቤ ጤፍ እንደሚነፋ ወንፊት ተርገፈገፈ። የእጄን ሥር ያዝኩ። ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዝም፣ ከዚያ ሦስት ተከታታይ። ወዲያው አወቅሁት። መጣ ብዬ መሪው ላይ ተደፋሁ። ከፊቴ ያለው መኪና ሄዶ ከኋላዬ ጥሩንባ ሲነፋ ነው ቀና ያልኩት።

ቀጠሮ ላይ የተነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ተመልሷል፤ ልንደግመው ወይም መድኃኒት ልንሰጥህ እንችላለን።» መድኃኒት ያሉት አሚዮዳሮን ነበር። ታይሮይድን፣ ጉበትንና ሳንባን ሊጎዳ እንደሚችል፣ በየስድስት ወሩ ደም መመርመር እንዳለበት ያወቅሁት ከጎረቤቴ ነው። ድገሙልኝ አልኩ። ደገሙልኝ። ምቴ ተስተካከለ፤ እስካሁን ደኅና ነኝ። የሐኪሙን እጅ አላማርርም።

ግን ከወራት በኋላ ያቺ ወረቀቱን የተረጎመችልን ነርስ የሁለተኛውን አብሌሽን ሪፖርት አወጣችልኝና አብረን አነበብነው። ከአራቱ ሥሮች ሁለቱ ተከፍተው ተገኝተዋል፤ ተዘጉ። ያ የሚጠበቅ ነው። ከዚያ በተጨማሪ የግራው የላይኛ ክፍል የኋላ ግድግዳም ተቃጥሏል። ስለዚህ አንድም ቃል አልተነገረኝም። በፊትም፣ በኋላም።

ያ ግድግዳ የምግብ ቧንቧው የሚያልፍበት ጎን ነው። ቅድም የጻፍኩት የቀዳዳ አደጋ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው። ደግሞ ማቃጠሉ ጥቅም አለው ወይ የሚለው ጉዳይ ያልተቆረጠ ነው። ካፕላ በተባለው በ2023 በወጣው ጥናት፣ ኤፊባቸው የማይለቅና ለመጀመሪያ ጊዜ አብሌሽን የሚደረግላቸው 338 ሰዎች ነበሩ። ለግማሾቹ ከሥሮቹ በተጨማሪ የኋላው ግድግዳ ታጠረ። ሥሮቹ ብቻ ከታጠሩላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የተሻለ ነገር አልታየም። ከዚያ በፊት በ2015 ስታር ኤኤፍ ሁለት የተባለው ጥናት 589 ሰዎችን ተመልክቷል። ሥሮቹ ብቻ ከታጠሩላቸው በ18 ወር 59 በመቶው ኤፊብ አልተመለሰባቸውም። ተጨማሪ ቦታ ከተቃጠለላቸው አንደኛው ቡድን 49፣ ሌላው 46 በመቶ ነበር። ብዙ ማቃጠል ብዙ ማዳን አልሆነም። በሌላ በኩል በ2020 የወጣው ቪነስ ጥናት የማርሻል ሥር በተባለች ትንሽ ሥር ውስጥ አልኮል መጨመር ለማይለቅ ኤፊብ ጥቅም እንዳለው አሳይቷል፤ ከተጨመረላቸው 49 በመቶ ገደማው፣ ካልተጨመረላቸው 38 በመቶው ኤፊብ አልተመለሰባቸውም።

እነዚህ ሁሉ ጥናቶች የመጀመሪያ አብሌሽን ላይ ናቸው። የእኔ ሁለተኛ ነው። ሐኪሙ ውስጥ ገብቶ ያየው፣ እኔ የማላውቀው ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ልቤም ያ እንደሆነ ይነግረኛል። ታዲያ ይነገረኛ! ሥሮቹ ሁሉ ታጥረው ቢገኙ ምን ታደርጋላችሁ? ሌላ መነሻ ትፈልጋላችሁ? የኋላውን ግድግዳ ትነካላችሁ? ሌላ መስመር ትሠራላችሁ? ወይስ አቁማችሁ መድኃኒት ትሰጣላችሁ? የመጨረሻው አማራጭ የሆነውን፣ በልብ መሃል ያለውን መገናኛ አቃጥሎ ፔስሜከር የተባለውን ምት ሰጪ መሣሪያ ማስገባትን፣ ለእኔ መቼ ታነሡልኛላችሁ? ይህ ሁሉ ሳልተኛ በፊት የሚነገር ነው። የተኛ ሰው አይጠየቅም።

ለመመለሱ ምክንያት ሆነው ስለሚነሡት ነገሮችም አንድ ሁለት ቃል። በየቀጠሮው ክብደት ቀንሱ፣ መጠጥ ተዉ ትሉናላችሁ። ልክ ናችሁ። በአውስትራሊያ የተሠራው ሌጋሲ ጥናት ከክብደታቸው አሥር በመቶና ከዚያ በላይ ቀንሰው የጠበቁ ሰዎች ከኤፊብ ነፃ የመሆን ዕድላቸው በስድስት እጥፍ እንዳደገ አሳይቷል። በ2020 የወጣ ሌላ የአውስትራሊያ ጥናት፣ መጠጥ ካቆሙት 53 በመቶው፣ ካላቆሙት 73 በመቶው እንደ ተመለሰባቸው አሳይቷል። አምነናል። ግን «ቀንሱ» ብሎ ማሰናበት ምክር አይደለም። ከእኛ አንድም ሰው የምግብ ባለሙያ ዘንድ ተልኮ አያውቅም። ሌሊት የሚያንኮራፉት ሦስቱ ለእንቅልፍ ምርመራ አልተላኩም።

ቡናም አለ። አንዲት የ74 ዓመት እናታችን የመውጫ ወረቀቱ ላይ «ካፌይን አስወግዱ» የሚል አይተው ሁለት ዓመት ቡና አልጠጡም። ጎረቤት ሲጠራቸው ይሄዳሉ፤ ስኒው ሲመጣ ይመልሱታል። ቡና መጠጣት የቀረባቸው ብቻ አይደለም፤ ቀስ በቀስ መጠራትም ቀረ። በ2025 የወጣው ዲካፍ የተባለ ጥናት ኤፊብ ኖሮባቸው ምታቸው በኤሌክትሪክ ንዝረት የተስተካከለላቸውን 200 ቡና ጠጪዎች ለሁለት ከፈለ። በቀን ቢያንስ አንድ ስኒ ከጠጡት 47 በመቶው፣ ከተዉት 64 በመቶው ላይ ተመለሰ። ወረቀቱ ግን አሁንም ያው ነው።

ጾሙንም ጠይቁን። ከእኛ አንዷ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ አሟት መገጣጠሚያዋም አብጦ ነበር፤ በዚያ የተነሣ ቫልቧ ጠቧል። በአገር ቤት እንዲህ ያለ ልብ ብዙ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዋርፋሪን የተባለው የቆየ ደም ማቅጠኛ ከአዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች አንዱ ከሆነው ሪቫሮክሳባን እንደሚሻል ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት በ2022 አሳይቷል። እሷም ዋርፋሪን ትወስዳለች። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን በየቀኑ ማዕዷ ላይ ነው። ጎመን ዋርፋሪንን ስለሚያዳክም የደሟ መለኪያ ወርዶ ተገኘ። መድኃኒቱን አትወስጂም ተብላ ተቆጣች። ትወስዳለች። ጎመኑን ማንም አልጠየቃትም። መተውም አያስፈልጋትም፤ መጠኑን አለመለዋወጥና ጾም ሲገባ ሲወጣ ቶሎ መለካት ይበቃል።

የምንጠይቃችሁ እነዚህን ነው።

ኤፊብ የተመለሰበት የእናንተው ታካሚ ያለ አዲስ ሪፈር በቀጥታ ይደውል። በደወለ በሁለት ሳምንት ውስጥ ኢሲጂ ይነሣ። ሁለተኛ አብሌሽን የሚያስፈልገው ከሆነ ቀድሞ የነበረው መዝገብ ይቀጥል። ኢንሹራንሱ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነም የእናንተ ሠራተኛ እንጂ ታካሚው አይሯሯጥ።

ክትትሉ ቢያንስ አንድ ዓመት በእናንተ ክፍል ይሁን። ወደ ቤተሰብ ሐኪም የሚላክ ሰው ካለ፣ ደም ማቅጠኛው መቼም በራሱ እንዳይቆም፣ ምቱም ከፈጠነ እኩል ቢሆንም ኢሲጂ እንዲነሣ በጽሑፍ ይላክለት።

የማክሰኞዋ አስተርጓሚ ትመለስ። ለፈቃድ ፊርማ፣ ለመውጫ ትምህርትና ለቀጠሮ ሰዓት በአካል ያለ አማርኛ አስተርጓሚ ይኑር። ሰዓቱ በፈረንጅም በሐበሻም ይነገር፣ ይጻፍም። ልጅ እንዳይተረጉም ለሠራተኞቻችሁ ዛሬውኑ ይነገር። የሰዓት ስህተት የደረሰባቸው እናታችን መዝገብ ላይ ያለው «አልመጣችም» የሚለው ይታረም።

የመውጫ ወረቀቱ በአማርኛ ይዘጋጅ። የትኩሳቱና የመዋጡ ምልክት ከአራተኛው ገጽ ወጥቶ ከፊት ገጽ በትልቁ ይጻፍ። የካፌይኑ መስመር እንደገና ይታይ። ትርጉሙን በነፃ አንብበን ለማስተካከል ፈቃደኞች ነን፤ ከመካከላችን ነርስም፣ ፋርማሲስትም አለ።

ከሁለተኛ አብሌሽን በፊት የትኛው ቦታ ለምን ሊነካ እንደታሰበ ይነገረን። በኋላም የትኛው ሥር ተከፍቶ እንደተገኘ፣ ምን ተጨምሮ እንደተቃጠለ፣ በሙቀት ይሁን በቅዝቃዜ ወይም በኤሌክትሪክ ምት፣ በአንድ ገጽ ይሰጠን። ነገ ሌላ ከተማ ወይም አገር ቤት ብንሆን ለሚያየን ሐኪም የምናሳየው እሱን ነው።

መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ብትጠሩን ከሥራችን ፈቃድ ወስደን አሥራ አንዳችንም እንመጣለን። የምትነግሩን ሰዓት ግን በፈረንጅ ይሁን በሐበሻ አብሮ ይገለጽ።

ከአክብሮት ጋር፣

በክፍላችሁ የሚታከሙ አማርኛ ተናጋሪ የልብ ምት ታማሚዎች ተወካይ፣
ሁለት ጊዜ አብሌሽን የተደረገለት የታክሲ ሹፌር